«ሳቭታ እልል እንዳትል ንገሪያት»

ሰላም እህቴ፣

ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ትውልዴ ጎንደር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እስራኤል ገባሁ። ያደግኩትም ትዳር የያዝኩትም እዚያው ነው። ወደ ሜሪላንድ የመጣነው በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ሲሆን ልጃችን ያኔ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነበር። ዕብራይስጡ እንዳይጠፋበት፣ ሃይማኖቱንም እንዲያውቅ ብለን የአይሁድ ትምህርት ቤት አስገባነው። ግማሹን ቀን ቶራ (ኦሪት) እና ዕብራይስጥ፣ ግማሹን ቀን ሒሳብና ሳይንስ ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ልጄም 8ኛን ጨርሶ የፊታችን ሐሙስ ማታ ይመረቃል። በክፍሉ ሐበሻ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር መምህሯ ደወለችልኝ። «በምረቃው ላይ ቤተሰባችሁ ከኢትዮጵያ እንዴት እንደወጣ አምስት ደቂቃ ቢናገርልን» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወዲያው እሺ አልኩ። እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ላለችው እናቴም ደወልኩላት። ቲኬቷን ቆረጠች፤ ጥልፍ ቀሚሷን ከነነጠላዋ አዘጋጀች። እሑድ ትገባለች።

ለልጁ ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ኢማ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ በየሲግድ በዓሉ የእንጀራ ሳህን አስይዘው የሚያቆሙት እኔን ነው። በቃኝ» አለኝ። በነጋታው ምረቃውም ይቅርብኝ አለ። ስለምነው፣ «ብሄድም ሳቭታ እልል እንዳትል ንገሪያት» አለ፤ ሳቭታ የሚላት አያቱን ነው። ያኔ ጮህኩበት። «አያትህ እዚህ እስክትደርስ ምን እንዳየች ታውቃለህ?» አልኩት። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቹ በሚቀጥለው ዓመት የአይሁድ ሃይስኩል ይገባሉ። ክፍያው በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ታናሽ እህቱም አለች፤ አንችልም። በፔሳሕ (በአይሁድ ፋሲካ) ሰሞን ፐብሊክ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እንደሚገባ ነገርነው። «እሺ» ብቻ አለ።

ባለቤቴ «ተይው፣ ዕድሜው ነው» ይላል። ላስገድደው? ለእናቴስ ምን ልበላት? ልጄ በማንነቱ አፍሮ ይሆን?

የጨነቃት እናት፣ ከሜሪላንድ

*

እህቴ፣ ቀኑ ስለደረሰ የሌሎቹን ደብዳቤ አቆይቼ ያንቺን አስቀደምኩ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። እኔ አፍሯል ብዬ አላስብም። ያፈረ ልጅ ሰበብ ይፈጥራል፤ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ወረቀቱ ጠፋብኝ ይላል። ያንቺ ልጅ ግን ምን እንደሰለቸው በግልጽ ነግሮሻል። የእንጀራ ሳህን ይዞ መቆም ነው የሰለቸው።

እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ እዪው። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ሲግድ የሚውለው በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) ተቆጥሮ በ50ኛው ቀን ነው። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ አሜሪካ ያሉ የአይሁድ ትምህርት ቤቶችም ማክበሩን እየለመዱት መጥተዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ከምንረሳ መታወሳችን ይሻላል። ችግሩ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በዓሉ የሚታወሰው በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። ከሁለተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሰባት ሲግድ አለ። በስምንት ዓመቱ ሳህኑን ሲይዝ ምናልባት ኮርቶ ነበር። በ14 ዓመቱ ግን የክፍሉ ልጆች ዞር ብለው «ያንተ ቀን መጣ» ሲሉት ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

ምረቃውንም አስቢው። የሌላው ልጅ ንግግር ስለ ካፍቴሪያው ፒዛ ነው፤ በሒሳብ መምህሩ ላይ ስለሚቀልዱት ቀልድ ነው። ያንቺ ልጅ ተራው ሲደርስ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ስለተለጠፈባቸው ሰዎች፣ ወንበሩ ተነቅሎ ከሺህ ሰው በላይ ስለጫነው አውሮፕላን ሊናገር ነው። አዳራሹ ያለቅሳል። ሁሉም መጥቶ ያቅፈዋል። ግን የሚታቀፈው እሱ ላልሠራው፣ ላላየው፣ ከመወለዱ በፊት ለሆነ ነገር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛቸው ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻው ማታ እንደገና ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይሆናል። እኔም በ14 ዓመቴ ብሆን እምቢ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንደ ወቀሳ አትዪብኝ። መምህሯ ስትደውል ወዲያው እሺ አልሽ፤ ልጁን ሳትጠይቂ። ያ ደስታ ከየት መጣ? አንቺ ራስሽ በስድስት ዓመትሽ ቋንቋውን ሳታውቂ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተሽ ተቀምጠሻል። ያኔ ከየት መጣሽ፣ ምን አየሽ ብሎ የጠየቀሽ ሰው ነበር? ካልነበረ፣ ያ መድረክ ባንቺ ልብ ውስጥ ስንት ዓመት ሲጠበቅ እንደኖረ ይገባኛል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ታሪኩን መናገር የሚገባሽ አንቺ ነሽ። ለመምህሯ «በሚቀጥለው ሲግድ ለወላጆች እኔ መጥቼ ልናገር» ማለት ትችያለሽ። ታናሽ እህቱም እዚያው የምትማር ከሆነ ሳህኑ ወደ እሷ ከመዞሩ በፊት ብትቀድሚ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ንግግሩ ይቅር። ሰኞ ጠዋት ለመምህሯ ደውዪ። ማብራሪያ አታብዢ። «ስላሰባችሁን አመሰግናለሁ። ልጄን ሳልጠይቅ ነበር እሺ ያልኩት፤ እሱ መናገር አይፈልግም» በያት፤ ይበቃል። መምህሯ ከፋች ብለሽ ምትክ አታቅርቢ። ዘመቻ ሰለሞን የአይሁድ ሕዝብ ታሪክ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መውጣቱን ለተማሪዎቿ ማስተማር ከፈለገች ራሷ ትችላለች። ለዚህ የግድ ሐበሻ ልጅ አያስፈልጋትም።

ለልጁም ራስሽ ንገሪው። «ሳልጠይቅህ እሺ ማለቴ ልክ አልነበረም። ሰርዤዋለሁ» በይው። ከዚህ በኋላ «ግን» አትጨምሪ። የሐበሻ እናቶች ይቅርታ ስንጠይቅ «ግን» ማስከተል እንወዳለን።

ምረቃው ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ልጁ መሄድ ያለበት ይመስለኛል። የአያቱ ቲኬት ስለተቆረጠ አይደለም፤ ቲኬቱን ጭራሽ አታንሺበት። ምክንያቱን በደብዳቤሽ መጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ በጻፍሽው ውስጥ ነው ያገኘሁት። ለኔ የጉዳዩ ግማሽ እዚያ ነው ያለው። በፔሳሕ ፐብሊክ ትገባለህ ተባለ፤ «እሺ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ስለመነጋገራችሁ አንድም ቃል አልጻፍሽልኝም።

በ8ኛ ክፍል የመጨረሻ ሳምንት ልጆች ምን ያወራሉ? የሚቀጥለውን ዓመት ነው። ማን ከማን ጋር በመኪና እንደሚሄድ፣ የትኛው ስፖርት ቡድን እንደሚገቡ፣ አዲሱን ትምህርት ቤት ሊጎበኙ የሄዱ ቀን ምን እንዳዩ። ይርቡክ (የዓመቱ መታሰቢያ መጽሐፍ) ላይ ሲፈራረሙ እርስ በርሳቸው «ከክረምት በኋላ እንገናኝ» ይጻጻፋሉ። የእሱ ገጽ ላይ ግን «መልካም ዕድል» ይላሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በየቀኑ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይገባል። «ምረቃውም ይቅርብኝ» ያለው ከዚህ የተነሳ ቢሆንስ? እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ አንቺም አትችዪም። መጠየቅ ነው።

ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትጠይቂው። መኪና ውስጥ ይሻላል፤ ሁለታችሁም ወደፊት ስታዩ። «ሐሙስ ማታ ከሁሉም የሚከብድህ የቱ ነው?» በይው። «ከማን መለየቱ ነው የከበደህ?» በይው። ከዚያ ዝም በዪ። መልሱ «አላውቅም» ቢሆንም ዝም በዪ። ከቀይ መብራት እስከ ቀይ መብራት ዝም ማለት ለእናት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሞክሪው። በምረቃው ላይ በስላይድ የሚታየው ፎቶ ከሆነ ያስጨነቀው፣ ፎቶውን ራሱ ይምረጥ። ከሱኮት ዳስ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ የተነሳው ሊኖር ይችላል፤ ሳህን የሌለበት።

ስለ ገንዘቡም ቁጥሩን አሳዪው። እኛ ከልጆቻችን ገንዘብ መደበቅ እንወዳለን፤ የምናስጨንቃቸው ይመስለናል። ካልነገርሽው ግን የራሱን ምክንያት ይፈጥራል። «አልፈለጉኝም» ወይም «እዚያ አልመጥንም» ይላል። ወረቀት አውጥተሽ ክፍያውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የእህቱን ክፍያ አሳዪው። 14 ዓመቱ ነው፤ ለሃይማኖቱ ኃላፊ የሚሆንበት ባር ሚጽዋው አልፏል፤ ሒሳብ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ስልክ ይቀርሻል። ለአይሁድ ሃይስኩሉ የክፍያ ቅነሳ ጠይቃችኋል? ብዙዎቹ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች የቤተሰቡን ገቢና የልጆቹን ቁጥር አይተው ይቀንሳሉ። ሙሉውን የማይከፍል ቤተሰብ ብዙ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ሳይገባ ያልቃል፤ አሁን ዘግይተሽ ይሆናል። ቢሆንም መጠየቅ አያስከፍልም፤ በክረምቱ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር ቤተሰብ አለ፣ ቦታ ይከፈታል። ይህን ለልጁ ሳትነግሪ ደውዪ። እምቢ ካሉሽ ነገሩ አለቀ። «በሚቀጥለው ዓመት እናያለን» የምትዪው እውነት ለማየት ካሰብሽ ብቻ ይሁን።

ፐብሊክ መግባቱን እንደ ሐዘን ብቻ አትዪው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆናችሁ ኮሪደሩ ላይ አማርኛ ይሰማል፤ ሐበሻ ልጅ ብርቅ አይደለም። ታዲያ አዲስ ጥያቄ ይጠብቀዋል። እስከዛሬ «አይሁድ ሆነህ ሐበሻ?» ሲሉት ነበር፤ አሁን ደግሞ «ሐበሻ ሆነህ አይሁድ?» ይሉታል። እነሱ ዐቢይ ጾም ሲይዙ እሱ ማጻ (ያልቦካ የፔሳሕ ቂጣ) ይዞ ካፍቴሪያ ይገባል። ይህን አስቀድማችሁ አውሩበት፤ የሚመልሰውን አጭር መልስ ራሱ ያዘጋጅ። የሰንበትም ነገር አለ። የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል በብዛት የሚካሄደው ዓርብ ማታ ነው፤ ሁሉም ልጅ እዚያ ነው። ይሄዳል ወይስ አይሄድም? በምን? በእግር? ትምህርት ሳይጀመር ቤት ውስጥ ወስኑ፤ ሻማው ከበራ በኋላ በር ላይ መጨቃጨቅ ነው የሚያጣላው። ሮሽ ሃሻናና ዮም ኪፑር ላይ ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ለሱኮትና ለሻቩዖት በዓላት ግን አስፈቅዶ መቅረት ይኖርበታል።

ጓደኞቹንም አታጥፉበት። ከምረቃው በኋላ «እንገናኝ» ተባብለው ሳይገናኙ ክረምቱ ያልፋል፤ ያለ ነገር ነው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን የቅርቦቹን ስም ጠይቂውና ቀን ቁረጡ። በመጀመሪያው ሰንበት ለምሳ ጥሪያቸው፤ ዳቦሽን ጋግሪ፣ ዶሮ ወጡን ዓርብ ሥሪ። እንደ ቢቢዋይኦና ብኔይ ዓኪቫ ያሉት የወጣት ማኅበራት ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆችን ያገናኛሉ። የትኛው እንደሚስማማው እሱ ይምረጥ፤ አንቺ አታስመዝግቢው።

አሁን ወደ እናትሽ። የልጁን ቃል አትንገሪያቸው። ከነታንያ ድረስ ነጠላ አጣጥፈው የሚመጡ ሴት አየር ማረፊያ ላይ «እልል አይበሉ» መባል የለባቸውም። እልልታው ለውሳኔ አይቀርብም። ልጅሽን መድረክ ላይ ሊያቆሙት የነበሩት ሌሎች ናቸው። እናትሽ ግን ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ደስታ ነው እልል የሚሉት። ለልጁ እንዲህ በይው፦ «ንግግሩን ሰርዤልሃለሁ። ሳቭታን ግን እኔ አላዝዛትም። ካስጨነቀህ ራስህ ንገራት።»

ራሱ መናገር ይችላል። በዚያ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት የተማረው ዕብራይስጥ ለዚህ ነው፤ ከአያቱ ጋር ያለ አስተርጓሚ ያወራል። ምናልባት ነግሯቸው ይስቁበታል። ምናልባት «ስምህ ሲጠራ አንዴ ብቻ» ብለው ይደራደሩታል። ምናልባትም ዐይናቸውን አይቶ ይተወዋል። የትኛውም ቢሆን የሁለቱ ጉዳይ ነው። ደግሞ እኮ አሜሪካ ምረቃ ላይ የማያፏጭ አባት፣ የማይጮህ አጎት የለም። እልልታ ከፉጨት በምን ያንሳል?

የጮህሽበትን ነገር ደግሞ ላንሳ። «አያትህ ምን እንዳየች ታውቃለህ?» አልሽው። እውነት ያውቃል? ስላይድ ላይ ያለውን ያውቃል፤ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ሰው። ሳቭታ ከጎንደር ወጥተው አዲስ አበባ በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ሲጠብቁ ምን ይበሉ እንደነበር፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን በየትኛው እጃቸው እንደያዙ ግን ማን ነገረው? ምረቃው ካለፈ በኋላ ዓርብ ማታ፣ እራት ተበልቶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጫቸው። አንቺ ዕቃ እጠቢ። ጥያቄ አታቀብዪ። ካላወሩም አላወሩም።

ሌላ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለልጁ አቅርቢለት፣ እምቢ ካለ ተዪው። ቶራ ከሰንበት ሌላ ሰኞና ሐሙስ ጠዋትም ይነበባል። ምረቃው ሐሙስ ከሆነ፣ በዚያው ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ጸሎት አለ ማለት ነው። ያን ቀን ቶራ ፊት መጠራት፣ ከቻለም ጥቂት ቁጥር ማንበብ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ። እናትሽም እንዲገኙ አስፈቅጂ። ኦሪትን በግዕዝ ከቄስ አፍ ሲሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው በዕብራይስጥ ሲያነብ ይስሙት። ይህ እሱ የሚችለው፣ የተማረው፣ ሌሎቹም የክፍሉ ልጆች የሚያደርጉት ነገር ነው። ስለማንም ታሪክ መተረክ የለበትም።

ባለቤትሽ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው። «ተይው» ያሉት ልጁን ስለሚያውቁት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምን እንደሚሉት ስለቸገራቸው። እሑድ ለምረቃው ጫማ ለመግዛት ሁለቱ ብቻ ይሂዱ። ወንዶች ጫማ ሲለኩ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ግን ያወራሉ።

እንግዲህ ሰኞ ሁለት ስልክ አለብሽ፤ መጀመሪያ ለመምህሯ፣ ቀጥሎ ለሃይስኩሉ ክፍያ ቢሮ። ሁለተኛው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ፐብሊክ መሆኑ ካልቀረ የዓርብ ማታውን ፉትቦል ነገር ሌሎች እናቶችም ጠይቀውኛል፤ እናንተ እንዴት እንደወሰናችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።